ቀፎው ይተካል፣ ቁጥሩ አይተካም

የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ የቀረበው በኦክቶበር 2008 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፕሮግራሞቹ ግን ስልኩን አልጠበቁም። ጉግል በኖቬምበር 2007 ለፕሮግራም ጸሐፊዎች በነፃ ባሰራጨው የመሥሪያ ጥቅል ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የሚከፈት አንድ መስኮት ነበር፤ የስልክ ስክሪን፣ የስልክ ቁልፎች፣ የኔትወርክና የባትሪ ምልክት ያለው፣ በማውስ እየተነካ የሚሠራ። ኩባንያው 10 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት መድቦ ውድድር ሲያውጅ እስከ ኤፕሪል 2008 ድረስ 1,788 ሥራዎች ገቡለት። ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ሥራውን ከሱቅ በተገዛ የአንድሮይድ ስልክ ላይ የሞከረ አንድም አልነበረም። እንዲህ ያለ ስልክ ገና አልተሸጠማ!

ያ መስኮት ኢሙሌተር ይባላል። የራሱ ስልክ ቁጥር እንኳ ነበረው፦ 15555215554። እዚያው ኮምፒውተር ላይ ሁለተኛ መስኮት ቢከፈት መጨረሻው 5556 ይሆናል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መደወልም አጭር መልእክት መላክም ይቻላል። ከዚያ ኮምፒውተር ውጭ ግን ቁጥሩን የሚያውቀው ቴሌ በዓለም ላይ የለም። እኔን ወደዚህ ርዕስ የሳበኝ ይህ ነው። ኮምፒውተር የስልኩን ስክሪን፣ ድምፅ ማጉያ፣ ካሜራና ሙሉውን አንድሮይድ አስመስሎ ሊሠራ ይችላል። አስመስሎ ሊሠራው የማይችለው ቁጥሩን ብቻ ነው። ዋትስአፕ፣ ኢሞና ቫይበር ደግሞ ሰውን የሚያውቁት በቁጥሩ ነው፤ ሌላ መታወቂያ አይጠይቁም።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። ኋላ የማነሳው ችግር ካለዚህ አይገባም።

አብዛኞቹ ስልኮች የሚሠሩት አርም በተባለ የፕሮሰሰር ዓይነት ነው። ነድፈው ያወጡት ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች ናቸው፤ እንግሊዝ፣ ካምብሪጅ ውስጥ፣ አኮርን በሚባል የኮምፒውተር ኩባንያ። የመጀመሪያው ቺፕ የተሠራው በ1985 ነበር። ቢሮና ቤት ያሉት ኮምፒውተሮቻችን ግን በአብዛኛው ኢንቴል በ1978 ካወጣው 8086 የሚወለድ ሌላ ዘር ናቸው። ሁለቱ ፕሮሰሰሮች ትእዛዝ የሚቀበሉበት ቋንቋ አንድ አይደለም። ለአርም የተዘጋጀ ፕሮግራም ለኢንቴል ቢሰጠው አንድ መስመርም አይገባውም።

ስለዚህ መሐል የሚቆም ያስፈልጋል። ችሎት ፊት ቆሞ የምስክርን ቃል ለዳኞች የሚያስተረጉም ሰው አይታችሁ እንደሆነ፣ ሥራው ያው ነው። ምስክሩ ጥቂት ይናገራል፣ ቆም ይላል፣ አስተርጓሚው ያንኑ ይመልሳል። ልምድ ያለው አስተርጓሚ ደግሞ ምስክሩ አንድ አባባል በደጋገመ ቁጥር አዲስ አያስብም፤ ቅድም የተረጎመውን ያነሳል። ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር በ2003 ያወጣው ኬሙ የተባለ ሶፍትዌር እንዲሁ ያደርጋል። የባዕዱን ፕሮሰሰር ትእዛዝ ቁራጭ በቁራጭ ይተረጉማል፣ የተረጎመውንም ያስቀምጣል፣ ተመሳሳዩ ሲመጣ ከተቀመጠው ይሰጣል። የጉግል የመጀመሪያ ኢሙሌተር የተሠራው በዚህ ሶፍትዌር ላይ ነበር። ሐሳቡ ራሱ ከዚያም ይቆያል፤ አይቢኤም በ1964 ሲስተም 360 የተባሉትን ማሽኖቹን ሲያወጣ ደንበኞቹ ለአሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች የጻፉት ፕሮግራም እንዳይጣል በአዲሶቹ ላይ አሮጌዎቹን አስመስሎ የሚያሠራ ነገር ጨምሮበት ነበር።

ትርጉም ግን ጊዜ ይበላል። የዱሮውን የአንድሮይድ ኢሙሌተር የተጠቀመ ሰው አንድ ቁልፍ ነክቶ መልሱን እንዴት ይጠብቅ እንደነበር ያስታውሳል። ነገሩን የለወጡት ሁለት እርምጃዎች ናቸው። ኢንቴል ከ2005፣ ኤኤምዲም ከ2006 ጀምሮ በፕሮሰሰሮቻቸው ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽን የሚባለውን ችሎታ ጨመሩ፤ አንድ ሥርዓት በሌላው ሆድ ውስጥ ሆኖ በቀጥታ ቺፑ ላይ እንዲሠራ የሚፈቅድ ነው። በ2009 ደግሞ አንድሮይድን ራሱን ለኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰር የሚያዘጋጅ ፕሮጀክት ተጀመረ። አንድሮይዱ የኮምፒውተሩን ቋንቋ ከተናገረ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ለጥቂት ነገር ብቻ ይሆናል። ብሉስታክስ የተባለው ኩባንያ በኦክቶበር 2011 ለሙከራ ያወጣው ፕሮግራም ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ሳይሆን ለማንኛውም የኮምፒውተር ተጠቃሚ የታሰበ ነበር። አውርዶ መጫን፣ ከዚያ አፑን መፈለግ፣ መክፈት፤ በቃ።

«ለጥቂት ነገር ብቻ» ያልኩት ግን በተግባር ትልቅ ነገር ነው። የአንድ መልእክት መላላኪያ አፕ አብዛኛው ክፍል የሚጻፈው አንድሮይድ ራሱ ላለበት ፕሮሰሰር በሚያዘጋጀው መልክ ነው፤ ስለዚህ ዝርዝሩ፣ ጽሑፉ፣ ፎቶው ያለ ችግር ይከፈታል። ድምፅና ቪዲዮ የሚጨምቀውና የሚፈታው ክፍል ግን ፍጥነት ስለሚፈልግ በቀጥታ ለፕሮሰሰሩ የተዘጋጀ ነው። የአፑ ሠሪዎች ለአርም ብቻ አዘጋጅተውት ከሆነ አስተርጓሚው እንደገና ይጠራል። ደካማ ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ወዲያው እየደረሰ ድምፁ የሚቆራረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሁልጊዜ ኔትወርኩን ብቻ መውቀስ አይገባም።

ለተጠቃሚው የሚታዩት እንቅፋቶች ደግሞ ሌሎች ናቸው። ብሉስታክስ 5 ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት ራምና 5 ጊጋ ባይት ባዶ ቦታ ይጠይቃል፤ ኮምፒውተሩ በጠቅላላ ያለው ራም 4 ከሆነ ኢሙሌተሩን ከፍቶ ሌላ ሥራ መሥራት ከባድ ነው። ቨርቹዋላይዜሽኑ ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ላይ ተዘግቶ ይገኛል፤ ማሽኑ ሲነሳ ወደ ባዮስ ገብቶ መክፈት የግድ ይሆናል። አማርኛ መጻፍ የፈለገ ሰው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለበት። ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው የአማርኛ መጻፊያ ብዙ ጊዜ ወደ መስኮቱ ውስጥ አያልፍም፤ «ሰላም» ብሎ የመታው በላቲን ፊደል ይወጣል። መፍትሔው ጂቦርድን የመሰለ የስልክ ኪቦርድ ኢሙሌተሩ ውስጥ ጭኖ ፊደሎቹን በማውስ መልቀም ነው፤ አለዚያም ደብዳቤውን ዎርድ ላይ ጽፎ ኮፒ አድርጎ መለጠፍ። ለአጭር መልእክት ያሰለቻል። ለረጅም መልእክት ግን፣ በተለይ ትንሽ ስክሪን ለማያዩ ዓይኖች፣ ከስልክ ይሻላል።

* * *

የኢሙሌተርን ትርጉም በደንብ ያየሁት ደሴ ነው፤ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ኢንተርኔት ቤት፣ ዋትስአፕ በኮምፒውተር ላይ ጥሪ ገና ባልፈቀደበት ጊዜ። ፎቶኮፒ ላስነሳ ነበር የገባሁት። የቤቱ ልጅ ጥግ ላይ ያለውን ኮምፒውተር ለማንም አይሰጥም ነበር፤ ሌሎቹ ሁሉ ተይዘው ተማሪዎች ቆመው እየጠበቁ እንኳ።

አንዲት እናት ገቡ።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም። እንዴት ዋሉ እናቴ? ይግቡ፣ እዚህ ይቀመጡ።»

«አልሐምዱሊላህ። ዛሬ ጁምዓ ነው፣ ልጂቱ እረፍት ላይ ትሆናለች ብዬ ነው።»

ልጂቱ ኩዌት ናት። እናትየው የያዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ይደወልበታል፣ መልእክት ይቀበላል፣ ሌላ ነገር የለውም። ከኩዌት በመደበኛው መስመር መደወል ደመወዝ ይበላል። ልጁ መስኮቱን ሲከፍተው አፑ ሞቷል፤ ትናንት መብራት በድንገት ሄዶ የነበረው ፋይል ተበላሽቷል። እንደገና ቁጥር ይጠይቃል።

«እናቴ፣ ስልክዎን ያቀብሉኝ። ቁጥር ይገባበታል።»

ከጉያቸው አውጥተው ሰጡት። የእሳቸውን ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ መታ፤ ስልኩ ድምፅ አሰማ፤ ስድስቱን አሃዝ አነበበና መልሶ ኮምፒውተሩ ላይ መታው። ዋትስአፕ በዚያች ቅጽበት እኚህን ሴት ዐወቃቸው። ስማርት ስልክ የላቸውም፣ የአፑን ስም ማንበብ አይችሉም፣ ግን ቁጥራቸው በእጃቸው ነበር፤ ሥርዓቱም የሚፈልገው ያንን ብቻ ነበር።

ልጅቷ ወጣች። የስልክ ቅርጽ ባለው ቀጭን መስኮት ውስጥ ፊቷ የመዳፍ ያህል ነው። ካሜራው ሞኒተሩ አናት ላይ ስለተሰካ እናትየው የልጃቸውን ፊት ሲያዩ እሷ የምታየው ሌላ ነው።

«እማ፣ ሻሽሽን ብቻ ነው የማየው። ወደ ላይ እይ።»

«ወደ ላይ ካየሁ አንቺን የት አየሻለሁ?»

የቤቱ ልጅ መጥቶ ሞኒተሩን ወደ ኋላ አዘነበለላቸው። ድምፁ ይቆራረጣል፤ ግማሹን እየደጋገሙ ተነጋገሩ። እኔ የፎቶኮፒውን ሂሳብ ከፍዬ ሳልወጣ ቆየሁ።

ከሄዱ በኋላ ልጁን ጠየቅኩት። ኢሙሌተሩ ብዙ መስኮት መክፈት ያስችላል፤ እያንዳንዱ መስኮት ለብቻው አንድ ስልክ ነው፣ እያንዳንዱ ስልክ የአንዲት እናት ነው። ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ ከሁለትና ከሦስት በላይ አይችልም፣ ስለዚህ እያፈራረቀ ይከፍታል። ከጠረጴዛው መሳቢያ አንድ ደብተር አወጣ። ስም፣ ቁጥር፣ ከጎኑ ስድስት አሃዝ። ስድስቱ አሃዝ ዋትስአፕ ከፌብሩዋሪ 2017 ጀምሮ ማንም ተጠቃሚ እንዲያስቀምጥ የፈቀደው ፒን ነው፤ ቁጥሩን ሌላ ሰው ቢያስመዘግበው የሚያግድ።

«ፒኑን እኔ ነኝ የማስቀምጥላቸው» አለኝ። «እነሱ ይረሱታል፤ ከረሱት ደግሞ ሰባት ቀን ጠብቅ ይላል።»

ይህ ልጅ ለእነዚያ እናቶች ከማንም የበለጠ አድርጓል። ይህን ስጽፍ አጋንኜ አይደለም፤ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች በሙሉ ያልሰጧቸውን ነገር በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሰጥቷቸዋል። ያ ደብተር ግን እስከ ዛሬ ያሳስበኛል። ኢሙሌተሩ ቀፎውን ከባለቤቱ እጅ አውጥቶ ሰው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦታል። ሲም ካርዱ ጉያ ውስጥ ነው፤ ደብዳቤው፣ ፎቶው፣ የልጅቷ የድምፅ መልእክት፣ ምናልባትም አሠሪዋ ስላደረሰባት በደል የተናገረችው፣ ሁሉም ያለው እዚያ ኮምፒውተር ዲስክ ላይ ነው። ልጁ ሥራ ቢለቅስ? ኮምፒውተሩ ቢሸጥስ?

* * *

እንዲህ ያለ ዙሪያ መንገድ ለምን አስፈለገ? መልሱ በከፊል ከጥሩ ሐሳብ የመጣ ነው። ዋትስአፕን በ2009 የመሠረቱት የያሁ የቀድሞ ሠራተኞች ጃን ኩምና ብራያን አክተን ናቸው። ኩም ከዩክሬን በአሥራ ስድስት ዓመቱ አሜሪካ የገባ ስደተኛ ነው። የመጠቀሚያ ስምም የይለፍ ቃልም የማይጠይቅ አፕ ሠሩ፤ ቁጥርህ አንተ ነህ፣ ስልክህ ውስጥ የተመዘገበ ሰው ጓደኛህ ነው። ኢሜይል ኖሮት ለማያውቅ ሰው ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። ፌስቡክ በ2014 በ19 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛው የገዛው ይህንን ቅለት ነው ብል አልሳሳትም።

በዚያን ጊዜ ደግሞ አፑ ባለ ቁልፍ ስልክም ላይ ይሠራ ነበር። ኖኪያ ኤስ40 የሚባሉት፣ እኛም አገር በብዛት የነበሩት ስልኮች፣ እስከ 2018 መጨረሻ ድረስ ዋትስአፕ ይደግፋቸው ነበር። ከዚያ ቆመ። ኋላ ካይኦኤስ የተባለውን ሥርዓት ለያዙ አንዳንድ ባለ ቁልፍ ስልኮች መጥቶ ነበር፤ ብዙዎቹ ተራ ቀፎዎች ግን ካይኦኤስ አልነበራቸውም፤ በ2025 ያም ቆመ። የአሮጌ አንድሮይድ ስልኮችም ድጋፍ በየጊዜው እየተቆረጠ ሄዷል፤ በኖቬምበር 2021 ከ4.1 በታች ያሉት፣ በኦክቶበር 2023 ከ5.0 በታች ያሉት። ስልኩ ይሠራል፣ ባትሪው ደህና ነው፣ አፑ ግን «አሻሽል» ብሎ ይዘጋል። ኩባንያው የራሱ ምክንያት አለው፤ አሮጌ ሥርዓት ለጥቃት የተጋለጠ ነው። የተቆረጠችው ሴት ግን ምክንያቱን ማንም አይነግራትም።

በኮምፒውተር በኩል የተከፈተውም ቢሆን ለእሷ አልተከፈተም። ዋትስአፕ ዌብ በጃንዩዋሪ 2015 ሲመጣ የስልኩ መስታወት ብቻ ነበር። በስልኩ ካሜራ ኮድ ማንሳት ይጠይቃል፤ ባለ ቁልፍ ስልክ ይህን አይችልም። ስማርት ስልክ ያለው ሰውም ቢሆን ስልኩ በርቶ፣ ዳታ ኖሮት አጠገቡ ካልዋለ ኮምፒውተሩ ዝም ይላል። ለኮምፒውተሩም ለስልኩም ኢንተርኔት መክፈል ማለት ነው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የስልኩ ባትሪ ማለቅ ሁለቱንም ያስቆማል። ከኮምፒውተር መደወል የተፈቀደው በማርች 2021 ነው። ስልኩ ባይበራም የሚሠራ ግንኙነት መሞከር የጀመረው በዚያው ዓመት ጁላይ። ከ2015 እስከ 2021 ባለው ጊዜ ኢሙሌተር ከኩባንያው ከራሱ መፍትሔ ይበልጥ ነበር፤ ይደውላል፣ ስልክም አይጠብቅም።

ኢሞ የሄደበት መንገድ ደግሞ ይገርመኛል። ከጉግል የመጀመሪያዎቹ አሥር ሠራተኞች አንዱ የነበረው ጆርጅ ሃሪክና ወንድሙ ራልፍ ሲጀምሩት ኢሞ በኮምፒውተር ብራውዘር የሚከፈት ገጽ ነበር፤ የሌሎችን ቻቶች ሁሉ በአንድ ቦታ የሚሰበስብ። በማርች 2014 ያን ትቶ በራሱ መልእክት ላይ ብቻ ቆመ፣ ሕይወቱም ስልክ ላይ ሆነ። ከኮምፒውተር የተወለደ አፕ ነው፤ ጥቂት ቆይቶ ሰዎች እሱን ኮምፒውተር ላይ ለመክፈት ኢሙሌተር ይፈልጉ ጀመር።

* * *

ኩባንያዎቹ ኢሙሌተርን አይወዱትም። እንደሚያውቁትም የታወቀ ነው። የጉግልን የጥንት ኢሙሌተር የመረመረ አፕ የሃርድዌሩን ስም ሲጠይቅ «ጎልድፊሽ» የሚል መልስ ያገኛል፤ የቀፎው መለያ ቁጥር ሁሉ ዜሮ ነው፤ ስልክ ቁጥሩ በ15555 ይጀምራል። ዘመናዊዎቹ ኢሙሌተሮች እነዚህን ምልክቶች በታዋቂ ስልክ ስም ይሸፍናሉ፤ አፖቹም በፊናቸው ሌላ ምልክት ይፈልጋሉ። ጉግል ቀፎው እውነተኛ መሆኑን የሚመሰክር አገልግሎት ለአፕ ሠሪዎች ያቀርባል፤ ብዙ የባንክ አፖች ኢሙሌተር ላይ አልከፈትም የሚሉት በእንዲህ ያለ ምርመራ ነው።

ጥርጣሬው ከመሬት አልተነሳም። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ስልክ መክፈት ለደሴው ልጅ የደግነት መሣሪያ ነው፤ ለአጭበርባሪ ደግሞ በመቶ ቁጥር የሐሰት አካውንት ማስተናገጃ ነው። ሁለቱም ከሩቅ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው። ይህን እቀበላለሁ። የማልቀበለው ጥርጣሬው በሙሉ በደካማው ላይ ማረፉን ነው። አጭበርባሪው አካውንቱ ሲታገድ ሌላ ሲም ይገዛል። እናትየው አንድ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው።

አደጋው ከሌላም በኩል ይመጣል። ኢሙሌተሩን የሠራው ማን ነው? በፌብሩዋሪ 2021 ኢሴት የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ባወጣው ዘገባ፣ ኖክስፕሌየር የተባለው ኢሙሌተር ማሻሻያ የሚያወርድበት መንገድ በሰርጎ ገቦች ተይዞ ነበር። ተጠቃሚው አላጠፋም፤ ትክክለኛውን ሶፍትዌር ጭኗል፣ «አሻሽል» ሲለውም አሻሽሏል። ኢሴት ከሚከታተላቸው ከ100,000 በላይ የኖክስፕሌየር ተጠቃሚዎች መካከል መርዘኛውን ፋይል ያገኘው በአምስቱ ላይ ብቻ ነው፤ በታይዋን፣ በሆንግ ኮንግና በስሪ ላንካ። ጥቂት መሆናቸው አያጽናናም። ሰርጎ ገቦቹ ማንን እንደሚፈልጉ ያውቁ ነበር ማለት ነውና፤ ዘገባውም ዓላማው ስለላ እንደሚመስል ነው የገለጸው።

ብዙዎች «ዋትስአፕ እኮ ምስጢራዊ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፣ ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ መልእክቱ ከላኪ እስከ ተቀባይ ተቆልፎ ይሄዳል። ቁልፉ የሚጠብቀው ግን መንገዱን ነው። ሁለቱ ጫፎች ላይ መልእክቱ ይፈታል፣ መፈታትም አለበት፣ አለዚያ አይነበብም። በእውነተኛ ስልክ አንድ አፕ የሌላውን ፋይል እንዳያይ አንድሮይድ ይከለክላል። ኢሙሌተር ውስጥም ይህ ክልከላ አለ፤ ነገር ግን አንድሮይዱ ራሱ በኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ኮምፒውተሩን የሚያዝ ሰው ያንን ፋይል ሙሉውን ወደ ፍላሽ ሊገለብጠው ይችላል። ብዙ ኢሙሌተሮች ደግሞ በስልክ ላይ ጭንቅ የሆነውን ሩት የማድረግ ነገር፣ ማለትም ሥርዓቱን ያለ ገደብ የማዘዝ ሥልጣን፣ በአንድ ምልክት ይፈቅዳሉ፤ ያ ሲበራ የውስጡ ክልከላም ይወድቃል። በራሴ ላፕቶፕ ላይ ለራሴ ብከፍተው ጥፋት የለውም። በጋራ ኮምፒውተር ላይ ግን መልእክቱን በመንገድ የጠበቀው ቁልፍ መድረሻው ላይ ምንም አያደርግም።

* * *

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል፤ ስማርት ስልክ ላለው ሰው በፍጹም ተለውጧል። ዋትስአፕን ከአንድ ስልክ ሌላ እስከ አራት መሣሪያ ድረስ ማገናኘት ይቻላል፣ ስልኩ ባይበራም ኮምፒውተሩ ይሠራል፤ ስልኩ ለ14 ቀን ካልተከፈተ ብቻ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ቴሌግራም ከመጀመሪያው መልእክቱን በራሱ ሰርቨር ስለሚያስቀምጥ ለኮምፒውተር የተሠራ የራሱ ፕሮግራም አለው፣ ቫይበርም ከ2013 ጀምሮ እንደዚያው። ለእነዚህ ሲባል ኢሙሌተር መጫን ራምን ማባከን ነው፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ አትጫኑ እላለሁ። ኢሙሌተር ሠሪዎቹም ይህን አይተው ፊታቸውን ወደ ጌም አዙረዋል፤ ማስታወቂያቸው ዛሬ ተኩስና ውጊያ ነው። ማይክሮሶፍት በ2021 ከዊንዶውስ 11 ጋር ያስተዋወቀውን የአንድሮይድ አፖች ማሠሪያ በማርች 2025 ዘግቶታል።

አንድ ነገር ግን አልተለወጠም። ዋትስአፕን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመመዝገብ ዛሬም አፑ የሚጫንበት ስልክ ያስፈልጋል፤ ኮምፒውተር ተከታይ እንጂ ዋና መሆን አይችልም። ሲግናልም እንዲሁ ነው። የመመዝገቢያው ስድስት አሃዝ በአጭር መልእክት ለማንኛውም ተራ ቀፎ ይደርሳል፤ ያንኑ አሃዝ ኮምፒውተር ላይ አስገብቶ መመዝገብ የማይቻለው ቴክኒኩ ስለጎደለ አይደለም። ደሴ ላይ የነበረው ልጅ በአሮጌ ማሽን ሲያደርገው አይቻለሁ። የቀረው የኩባንያዎቹ ውሳኔ ነው፤ መወሰንም አለባቸው። እስኪወስኑ ድረስ የቁልፍ ስልክ ባለቤቶች በሰው ኮምፒውተር ላይ በሰው እጅ መመዝገባቸው ይቀጥላል።

ስለዚህ እነሱን ለሚረዳ ልጅ፣ የእህት ወይም የጎረቤት ልጅ፣ የኢንተርኔት ቤት ሠራተኛ፣ የምለው አለኝ። ኢሙሌተሩን ከሠሪው ከራሱ ገጽ ብቻ አውርድ። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን መስኮት ክፈት፣ ሩቱን አታብራ። ፒኑን ባለቤቷ ራሷ ትምረጥ፤ የማትረሳውን፣ የራሷ የሆነ ቁጥር። ደብተር ላይ አትጻፈው። እሷ ልትረሳው ትችላለች ብለህ ከሰጋህ ወረቀቱ እሷ ቤት ይቀመጥ። ስማርት ስልክ የተላከላት ቀን አዲሱ ስልክ ላይ ስታስመዘግበው ኢሙሌተሩ ወዲያው ይወጣል፤ የድሮው መልእክት ግን ዲስኩ ላይ ይቀራልና መስኮቱን ከነፋይሉ አጥፋው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከውጭ የሚመለሱትን ይመለከታል፤ ከሁሉም በላይ ችላ የተባለው እሱ ነው። አንዲት ልጅ ኩዌት ወይም ጂዳ ሳለች አካውንቷን የከፈተችው በዚያ አገር ቁጥር ነው። ስትመለስ ሲሙ ይቀራል። አፑ ለጊዜው ይሠራል፤ ቁጥሩን የሚጠይቃት እንደገና ስትመዘገብ ብቻ ነው። ስልኳ ቢጠፋ ወይም ፎርማት ቢደረግ ግን ኮዱ የሚሄደው ወደማትይዘው ሲም ነው። ዋትስአፕ ለ120 ቀን ያልተከፈተን አካውንት በአጠቃላይ ይሰርዛል። የአገሩ ቴሌ ቁጥሩን ለሌላ ሰው ከሰጠና አካውንቱ 45 ቀን ሳይከፈት ቆይቶ በአዲስ ስልክ ላይ ከተነሳ ደግሞ የእሷ ፎቶና ስለ ራሷ የጻፈችው ተነሥቶ ቁጥሩ የአዲሱ ሰው ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ጓደኞቿ ለእሷ ብለው የሚልኩት መልእክት የሚደርሰው ለማታውቀው ሰው ነው።

ይህን ለማስቀረት አካውንቱ በሚሠራበት ስልክ ወይም ኢሙሌተር ላይ ወደ ሴቲንግ መግባት፣ «አካውንት» የሚለውን መክፈት፣ ከዚያ «ቁጥር ቀይር» የሚለውን መምረጥ ነው። የድሮው ሲም በእጇ መኖር የለበትም፤ አካውንቱ በዚያ ቁጥር ተከፍቶ መቆየቱ ይበቃል። የሚያስፈልገው አዲሱ የኢትዮጵያ ቁጥር በርቶ አጭር መልእክት መቀበሉ ነው፤ ባለ ቁልፍ ስልክ ውስጥ ቢሆንም ይሆናል። ስሟ፣ ቅንብሮቿና ያለችባቸው ቡድኖች ወደ አዲሱ ቁጥር ይዛወራሉ፤ ፈቃዷ ከሆነም አፑ መቀየሯን ለምታውቃቸው ሰዎች ያስታውቅላታል።